ሦስት ቢት ብድር

ጦሳ ጭጋግ ለብሶ ከመስኮቴ ጠፋ፤
ሆጤ ላይ ቆርቆሮው ያወራል፣ ዝናብ ሲያካፋ።
ባርባ ሦስት ዓመቴ ደብተር ገዛሁ ዛሬ፣
ባለ ሠላሳ ሁለት ሉክ፣ እንደ ተማሪ፣ አፍሬ፤
ከኋላው ማባዣ የታተመበት፣
ባለሱቋ «ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው?» ያለችበት።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀቴ፣
በመስታወት የታሰረው ኩራቴ፣
እንደ ሽሮፕ ጊዜው አልፏል።
«አድሰው» ይሉኛል፣ መንጃ ፈቃድ ይመስል።
አምና ሞክሬ ባሥራ አንድ ነጥብ ወደቅሁ፤
ለሰው «ተራዘመ» ብዬ ዋሸሁ፣
ለዙልፋ ብቻ እውነቱን አወራሁ።
«አብሽር» አለች፣ ሻሿን እያጠበቀች፣
«እሱም ያልፋል፣ አንተም ታልፋለህ» ብላ ሳቀች።
ያንን «ታልፋለህ» በሌላ ፍቺው ሰምቼ
ሌሊቱን ፈራሁ።

እጄ አልረሳም። ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት፣
ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣
ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣
ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ፤
ስምንቱን ክር ደርድሮ ይቆርጣል ባንዴ።
አሥራ ሰባት ዓመት በሆስፒታሉ ኮርኒስ
በደረቴ ተስቤያለሁ፣ ገመድ ስጎትት፣ አቧራ ስልስ።
ፈተናው ግን ለእጅ ደንታ የለውም፤
«መረቡን ለስድስት ክፈል» ይላል፣ ጊዜ ግን አይሰጥም።

ሪሃና ናት የምታስጠናኝ፤
ገመድ መግጠም ያስተማርኳት ልጅ፣
አሁን በቀይ እስክሪብቶ የምታርመኝ።
«ጋሼ፣ እዚህ አገር ስድስት የለም» አለች፣
«ሁለት፣ አራት፣ ስምንት» በጣቷ ቆጠረች፤
«ሦስት ቢት ተበደር፣ ስምንት ቦታ ቁረጥ፣ ሁለቱን ተው።»
ከማን ነው የምበደረው?
አልጠየቅኩም። ሦስት ቀን ራሴን ነቀነቅሁ፣
እንደገባው ሰው።

ሐሙስ ሌሊት መብራት ሄደ።
በጨለማው የአባቴ መሬት መጣ፣
ኩታበር ያለው፣ ስድስት ሆነን የተካፈልነው፣
ወርዱ ባባቴ እርምጃ ሁለት መቶ ሃምሳ የነበረው፤
(ስድስቱን እኔ ጨመርኩ፣ ሒሳቡ እንዲያምር ነው።)
ለካ ሽማግሌዎቹም ስድስት አላወቁ፣
ስምንት ቦታ ኖሯል በገመድ የሰነጠቁ፣
ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሁለት እርምጃ።
የመጀመሪያዋ ለስሙ፣ ድንጋይ የቆመባት፤
የመጨረሻዋ ለአዋጅ፣ ሁሉን የሚጠሩባት፤
ሁለቱ ላይ ማንም ቤት አይሠራም።
ብድሩም ከነዋሪው ኖሯል፤
ድርሻው በበዛ ቁጥር የሚያድርበት ያንሳል።
«ሠላሳ!» ብዬ ጮህኩ።
ዙልፋ ባነነች፤ «ምን ጠፋብህ?»
«ተገኘ።»
«ምኑ?»
«ሠላሳው።»
ተገላብጣ ተኛች።

ከዚያ ወዲህ ደሴ ራሷ መጽሐፌ ሆነች።
አራዳ ስዊች ነው፤ ፊትህን አንዴ ካየ ቤትህን አይስትም።
አድራሻው ያልታወቀ መንገደኛ ሁሉ በሸዋ በር ይውጣ፣
ሌላ በር አይጠይቅም።
ከተማዋ ይህን ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር።

ወንድሜ አንዋር ግን በሸዋ በር አልወጣም።
በባቲ በኩል ነው፣ በሌሊት፣ ባሕር ሊሻገር።
ዘጠኝ ዓመቱ።
በየዓረፋው በዚያው ቁጥር እደውላለሁ፤
በፈተናው ቋንቋ፦ አራት ተላከ፣ ዜሮ ተመለሰ።
ድርሻው አንድ ቀን አልታረሰ።
ሪሃና «ትርፎቹን ሁለቱን ተዋቸው» ስትለኝ
«ሦስት ናቸው» አልኳት፣ ሳላስበው።
ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች፣
አየችኝ፣
ሳታርመኝ መልሳ አስቀመጠችው።

ማክሰኞ ነው ፈተናው፣ አዲስ አበባ።
አውቶቡሱ ሳይነጋ ይነሳል፤
ዙልፋ በሶ ቋጥራ ከበሩ ሥር አኑራለች።
ደብተሩ ሞልቷል። ባዶ የቀረው ከማባዣው በታች ነው፤
እዚያ ስምንት መስመር አሰመርኩ፣
አምስቱ ላይ የእኔንና የእህት ወንድሞቼን ስም አሰፈርኩ፣
ሁለቱን እንደተባልኩት ተውኩ፣
ስድስተኛው ላይ፣
መብራቱ እንደገና ሳይሄድ፣
«ተይዟል» ብዬ ጻፍኩ።